የላጋ ዲማ ነጋሪት

በጋዜጠኝነት ሥራዬ የተቃጠለ ገበያም፣ ድርቅ የመታው አገርም፣ ገደል የገባ አውቶቡስም አይቼ ጽፌያለሁ። ጽፌ ስጨርስ እተኛለሁ፤ ሙያው ያንን ያስለምዳል። ከአንድ ኮረብታ ላይ ሆኜ ያየሁት ነገር ግን ከብዙ ዓመት በኋላም እንቅልፌ መሀል እየገባ ይቀሰቅሰኛል። በዓይኔ ያየሁትንና በኋላ ከሰው የሰማሁትን እየለየሁ ላጫውታችሁ።

በንጉሡ ዘመን ነው። ወጣት ነበርኩ፣ አዲስ አበባ ለሚታተም ጋዜጣ እሠራ ነበር። የእንስሳት ሐኪሞች ለቦረና ከብት፣ ደስታ የሚባለውን የከብት ወረርሽኝ የሚከላከል ክትባት ሊሰጡ ሲወርዱ አብረህ ሂድና ዘግብ ተባልኩ። ከነገሌ በጭነት መኪና ወደ ደቡብ ስንወርድ ውለን አንዲት የምክትል ወረዳ ከተማ ደረስን። ከተማ ትባል እንጂ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አንድ ጽሕፈት ቤት፣ አንድ የፖሊስ ጣቢያ፣ ጥቂት ሱቆችና የወታደር ቤተሰቦች የሚኖሩባቸው የጭቃ ቤቶች ነበሩ።

ከከተማዋ በታች ላጋ ዲማ አለ። ቀዩ ወንዝ ማለት ነው። በበጋ ጠብታ ውሃ አይታይበትም፤ እንደ ሰፊ መንገድ የተዘረጋ ቀይ አሸዋ ነው። ከብት አርቢዎቹ አሸዋውን ቆፍረው ውሃ ያወጡበታል። መንደራቸው ግን ከዳርቻው ከፍ ብሎ፣ ግራሮች መካከል ነው። ወደ ላይ ስትሄዱ አሸዋው እየጠበበ ሁለት ቋጥኞች መሀል ይገባና ቁጥቋጦ የሞላበት ሸለቆ ይሆናል። እዚያ የገባ ከብት ከውጭ አይታይም።

ምክትል ወረዳ ገዥው ግራዝማች አየለ ነበሩ። ሆዳቸው ገፋ ያለ፣ ቀልድ የሚወዱ፣ ሰው የማይበድሉ ሰው ናቸው። አዋጅ ነጋሪያቸው ደግሞ ኦቦ ቦናያ ይባላል፤ የአገሩ ተወላጅ ነው። ወጣት ሳለ ወታደር ስለነበረ አማርኛውን ከጦር ሰፈር ነው የተማረው። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ካኪ ካፖርቱን በዚያ ሙቀት ከላዩ አያወልቅም። ነጋሪቱ፣ ነጋሪት ከተባለ፣ መካከለኛ ከበሮ ነው፤ ከቆዳ በተሠራ ማንገቻ ትከሻው ላይ ያንጠለጥለዋል።

በደረስን ማግስት ክትባቱ ገበያው ላይ በነጋሪት ታወጀ። ሐኪሞቹ መርፌያቸውን ቀቅለው ከጠዋት እስከ ቀትር ጠበቁ። የመጡት ጥቂት ጥጆችና የአንድ ፖሊስ ፍየሎች ናቸው።

ምሳ ላይ ግራዝማች ሳቁ። “ሌላ አገር ነጋሪት ሲመታ ሰው ይሰበሰባል። እዚህ ከብቱ ክንፍ ያወጣል” አሉ።

“ለምን?” አልኳቸው።

“ነጋሪት የሚመታው ከብት ቆጥረን ግብር ልናስከፍል ስንል ነዋ። ጥጃ ሳይቀር ያውቀዋል። ቦናያ፣ ውሸቴን ነው?”

ቦናያ ቁራሹን ወጥ እያጠቀሰ ቀና አለ። “እኔ የታዘዝኩትን መታሁ፣ ግራዝማች። የከብቱን እግር ማሰር ግን የእኔ ሥራ አይደለም።”

ሁላችንም ሳቅን። ከሐኪሞቹ አንዱ፣ “እንግዲያው ነገ ነጋሪቱን ለእኛ ስጠንና መርፌውን አንተ ውጋ” አለው። የምሳ ጨዋታ ነበርና በዚያው አለፈ።

በሦስተኛው ቀን ሐኪሞቹ መኪናውን ይዘው ወደ ሌላ መንደር ሄዱ። እኔ ግራዝማችን ላነጋግር ቀረሁ። ፀሐይ ከፍ ስትል የፖሊስ ጣቢያው የሬዲዮ ሠራተኛ ቆቡን በእጁ ይዞ ገባ።

“ከነገሌ መልእክት መጥቷል፣ ግራዝማች። በላይ፣ በሻኪሶ በኩል፣ ሲዘንብ ነው ያደረው። የላጋ ዲማ ውሃ ሞልቶ እየወረደ ነው። መሻገሪያ ላይ የቆመ መኪና ወስዷል። በታች ያለውን ሕዝብ አስጠንቅቁ ይላሉ።”

ግራዝማች በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። እኔም አየሁ። ሰማዩ ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ደመና የለም።

“መቼ ይደርሳል አሉ?”

“አላሉም። ዛሬ ነው የሚሉት።”

ቦናያን አስጠሩት። መልእክቱን ሲሰማ ፊቱ ላይ ምንም አልተለወጠም፤ ብቻ ማንገቻውን ጠበቅ አደረገ።

“ዳርሜ እዚያ ናት” አለ።

ዳርሜ ልጁ ናት። ሊበን የሚባል ሰው አግብታ ከእሱ ዘመዶች ጋር በዚያ መንደር ትኖር ነበር። አራስነቷን የጨረሰችው በቅርቡ ነው፤ ሕፃኑን አዝላ በየቀኑ ውሃ ልትቀዳ ወደ አሸዋው ትወርዳለች።

“በበቅሎ ሰው ልላክ?” አሉ ግራዝማች።

“ይላኩ። ግን መንገዱ ዞሮ ነው የሚደርሰው” አለ ቦናያ። “እኔ ኮረብታው ላይ እወጣለሁ። ከዚያ ነጋሪት ሲመታ መንደሩ በሙሉ ይሰማል።”

“በል ፍጠን።”

እኔም ተከተልኩት። ማንም አላዘዘኝም፤ ሥራዬ ስለሆነ ነው።

ኮረብታው ከከተማው ብዙም አይርቅም፤ አቀበቱ ግን ጠጠር ስለሆነ ያንሸራትታል። ቦናያ በዚያ ዕድሜው እኔን ጥሎኝ ወጣ። ጫፍ ስደርስ ቆሞ ቁልቁል ያይ ነበር። ላጋ ዲማ ከእግራችን በታች ተዘርግቷል። ከወዲያ ማዶ፣ ዳርቻው ላይ፣ የመንደሩ ጎጆዎች ይታያሉ። ከብቱ ግራር ጥላ ሥር ተኝቷል። የውሃ ጉድጓዶቹ ጋ፣ አሸዋው ላይ፣ ጥቂት ሰዎች አሉ።

“ያቺ ናት ቤቷ” አለኝ በዱላው እየጠቆመ። “ጫፍ ላይ ያለችው። አየህ?”

“አየኋት፣ ኦቦ ቦናያ።”

“ደህና ናቸው። ደርሰናል።”

መምታት ጀመረ። ከዚያ በፊት ነጋሪቱን ከቅርብ ሰምቼው አላውቅም፤ ደረት ውስጥ ይገባል። በመካከሉ እያቆመ በሙሉ ድምፁ ይጮኻል፦ “ቢሻን! ኦል ባኣ!” ውሃ፣ ወደ ላይ ውጡ ማለቱ ነው። ነፋሱ ከማዶ ወደ እኛ ይነፍስ ስለነበር ቃሉን መልሶ ፊታችን ላይ ይጥለዋል። ከበሮውን ግን አላገደውም።

ጉድጓዱ ጋ የነበሩት ቀና አሉ። ዕቃቸውን ጥለው ወደ መንደሩ ሮጡ፤ አሸዋው ባዶ ሆነ። ከየጎጆው ሰው ወጣ።

“ሰሙ” አለኝ ቦናያ። ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ እስከ ዛሬ ልረሳው አልቻልኩም።

እኔም ሰዓቴን አይቼ የሰሙበትን ጊዜ በልቤ ያዝኩ። መልካም ዜና ነበር።

ከብቱ ተነሳ። አቧራ ጨሰ። ሴቶች ጥጃ ሲያቅፉ፣ ወንዶች በጦር እንጨት ከብት ሲነዱ አየን። ከመንደሩ በስተጀርባ ያለውን ዳገት ይወጣሉ ብለን ጠበቅን። መንጋው ግን ዞሮ ወደ ወንዙ መጣ። ዳርቻው ላይ ከብት የሚወርድበት ሰባራ ቦታ አለ፤ በእሱ በኩል እንደ ፈሰሰ እህል ወደ አሸዋው ወረደ። ከዚያ ወደ ላይ ታጠፈ፣ ወደ ሁለቱ ቋጥኞች።

“ወዴት ነው የሚሄዱት?” አልኩ።

ቦናያ አጥብቆ መታ። ሁለቱንም እጁን አንስቶ፣ ካፖርቱ እየተርገበገበ፣ ከበሮው የሚቀደድ እስኪመስል መታ። እሱ ባጠበቀ ቁጥር እነሱ ሩጫ ጨመሩ። የኋለኞቹ ሴቶች ዞር ብለው ወደ ኮረብታው ሲያዩ፣ አይተውም ሲፈጥኑ፣ ይህን በግልጽ አይቻለሁ።

ድንገት አቆመ። ዱላው አየር ላይ ቀረ።

“ከብቱን እየደበቁ ነው” አለ በቀስታ።

ከበሮውን ከትከሻው አውጥቶ ጣለው። ከበሮው ቁልቁል ሲንከባለል እሱ ቀድሞት እየሮጠ ነበር። “ቢሻን! ቢሻን!” ይላል። ተከተልኩት። ግማሽ ያህል እንደወረድን አንድ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ የመኪናችን ሞተር መሰለኝ፤ ሐኪሞቹ ተመለሱ ብዬ አሰብኩ። ቀጥሎ ወፎች ከሸለቆው በአንድ ጊዜ ተነሡ።

ውሃው የወጣው ከሁለቱ ቋጥኞች መካከል ነው። ከፊቱ ውሃ አይመስልም፤ ግንድ፣ ቅጠል፣ አረፋና አፈር ተከምሮ የሚራመድ ነገር ነው። ሰዎቹና መንጋው የገቡት በዚያው በር ነበር።

ከዚህ በኋላ ያየሁትን በዝርዝር አልጽፍም። የሞቱት ስንት እንደሆኑ በጊዜው ተመዝግቧል፤ እዚህ አልደግመውም። ከሁሉ በላይ የሚታወሰኝ ሰማዩ ነው። አንድም ደመና አልነበረበትም።

ውሃው ጎደል ሲል ጀንበር አዘቅዝቃ ነበር። በበቅሎ የተላኩት ሁለት ፖሊሶች በላይኛው መሻገሪያ ዞረው ደርሰው ስለነበር በገመድ አሻገሩን። ዳርሜን ያገኘናት ዳርቻው ላይ ተቀምጣ ነው። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል። ጭኗ ላይ ሰሞኑን የተወለደ ጥጃ አቅፋለች። ጥጃው መራመድ ስላቃተው ወደ ኋላ የቀረችው እሱን ልትሸከም ነበር፤ ሌሎቹ ሸለቆው ሲገቡ እሷ ገና ሰባራው ጋ ናት።

ቦናያ ፊት ለፊቷ ቆመ። ከዚያ የሆነው፣ ለእኔ ልማዱን ለማላውቅ ሰው፣ ከጎርፉ የባሰ ነበር። በቦረና ሁለት ሰው ሲገናኝ በቅድሚያ ሰላም ይጠያየቃል፤ የመጣው ምንም ይሁን፣ መልሱ “ናጋ” ነው፣ ሰላም። ክፉ ወሬ ከዚያ በፊት አይወራም። የተናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ አንደኛው ፖሊስ የነገሌ ልጅ ስለነበር አጠገቤ ቆሞ በሹክሹክታ ተረጎመልኝ።

“ናጋ?” አለ አባት።

“ናጋ” አለች ልጅ።

“ከብቱ ሰላም ነው?”

“ሰላም ነው።”

“ጥጆቹ ሰላም ናቸው?”

“ሰላም ናቸው።”

“ልጁ ሰላም ነው?”

“ሰላም ነው።”

“አማትሽ ሰላም ናቸው?”

“ሰላም ናቸው” አለች፣ ዓይኗን ከውሃው ሳታነሣ።

ስለ ባሏ፣ ስለ ሊበን፣ አልጠየቃትም። ጥጃው ጣቷን ይጠባ ነበር።

“አባኮ” አለች በመጨረሻ፤ አባቴ ማለቷ ነው። “ነጋሪቱን ሰማነው። ሊበን፣ ደግሞ ክትባት ነው፣ እንተወው አለ። ከኮረብታው ነው የሚመታው፣ አባቴ ነው አልኩት። አባቴ ከኮረብታው ሲመታ ለእኛ ብሎ ነው፣ ቶሎ በሉ አልኳቸው።”

ፖሊሱ ይህን ተርጉሞልኝ ፊቱን አዞረ። እኔ ግን ትርጉሙ አልገባኝም ነበር። የገባኝ በማግስቱ ጠዋት፣ ቦናያ ግራዝማች ፊት ቆሞ ሲናገር ነው። እኔ ደጃፉ ላይ ነበርኩ።

“ለከብት ቆጠራ ሲያዙኝ” አለ ቦናያ፣ “ገበያው ላይ ከመምታቴ በፊት ኮረብታው ላይ ወጥቼ እመታ ነበር። ቆጣሪዎቹ ጫማቸውን ሳያስሩ ልጄና አማቾቿ ከብቱን ሸለቆው ውስጥ ያስገባሉ። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። ዳርሜ ካገባች ጀምሮ እንዲህ ነው። ትናንት ውሃ ሲባል እግሬ በለመደበት ሄደ። የማስበው ስለ ውሃው ብቻ ነበር።”

ግራዝማች ወደ ጠረጴዛቸው አቀረቀሩ። መንግሥት እንዲቆጠር ያዘዘውን ከብት ማስደበቅ በዚያን ዘመን እስር ያመጣል፤ ሁለቱም ያውቁታል።

“ይህን ለእኔ አልነገርከኝም” አሉ።

“አሁን ነገርኩዎት።”

“አልሰማሁም፣ ቦናያ። ሂድ፣ ልጅህን አጽናና።”

“ትናንት የሰሙኝ ሞቱ” አለ ቦናያ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። “ዛሬ ደግሞ እርስዎ አልሰማሁም ይሉኛል?”

ግራዝማች ቀና አሉ። ከዚያ ተነሥተው ወንበር ሳቡለት። “ተቀመጥ” አሉት፤ “ከመጀመሪያው ንገረኝ።” በሩንም ዘጉት። ውስጥ ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ቦናያ ግን አልታሰረም።

በዚያ ሳምንት ከጽሕፈት ቤቱ ወደ ነገሌ የሄደው መልእክት፣ ነዋሪዎች ጎርፉ ከመድረሱ በፊት በነጋሪት እንዲጠነቀቁ መደረጉን ይናገር ነበር። ደጋግሜ አሰብኩበት። ነጋሪቱ ተመትቷል፤ ኮረብታው ላይ ነበርኩ። ጎርፉ ከመድረሱ በፊት ነው፤ ሰዓቴን አይቻለሁ። ሕዝቡም ሰምቷል። ከዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሐሰት ነው ብዬ የምሰርዘው አንድ ቃል አጣሁ። እውነትን በቃል በቃሉ እያመዛዘንኩ የምኖር ሰው ነኝና ያ ነገር ከውሃው እኩል ያስፈራኛል።

ከዚያ ወዲህ አደጋ በደረሰበት ቦታ ሁሉ ስሄድ ባለሥልጣኑን “አስጠንቅቃችሁ ነበር?” ብዬ እጠይቃለሁ፤ ደንብ ነው። ከተረፉት ጋ ስደርስ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው፦ “ድምፁን ስትሰሙ ምን መጣ ብላችሁ አሰባችሁ?” እላለሁ። የምሰማው መልስ አንዳንዴ አያስተኛም። አንባቢዬ፣ አንተም አንቺም ራሳችሁን ጠይቁ። የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ በሰፈራችሁ ሲያልፍ፣ ቃሉ ገና ሳይለይ፣ ልባችሁ የሚጠረጥረው ምንድን ነው? ቤት ሊፈርስ ነው? መዋጮ ነው? እግራችሁ ወዴት ይነሣል? ያንን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ መኪናው ላይ ያለው ሰው አያውቀውም። በተራው ደግሞ፣ ከእናንተ መካከል መኪናው ላይ የሚወጣ ይኖራል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ሞያሌ ስወርድ መንገዴን አዞርኩ። ግራዝማች ተዛውረዋል። አዋጅ ነጋሪው ሌላ ሰው ነው። ቦናያን ስጠይቅ “ከልጁ ጋ ነው” አሉኝ። መንደሩ ከወንዙ ርቆ ዳገቱ ላይ ወጥቷል። ዳርሜ አወቀችኝ። ወተት አቀረበችልኝ፤ አማርኛም ትንሽ ለምዳለች።

ተቀምጠን ስንጨዋወት ከከተማው በኩል ነጋሪት ተሰማ። ሰው ሁሉ ባለበት ቆመ። የሮጠ የለም፤ ከብት የነካም የለም። ሁሉም ዞረው ቦናያን አዩ። እሱ ደግሞ፣ አሁን በጣም አርጅቷል፣ ምርኩዙን ያዘና ያንኑ ካፖርቱን ደርቦ ቁልቁል መንገድ ጀመረ።

“ወዴት ነው?” አልኳት።

“ከተማ። ምን እንደሆነ ሰምቶ ይመጣል” አለች። “እሱ ሳይመጣ እኛ አንነሳም።”

“በፈረስ የሚሄድ ወጣት የለም?”

“አለ፤ ሞልቷል። እሱ ነው እንቢ ያለው።” የወተቱን ዕቃ ወደ እኔ ገፋ አደረገች። “ከጎርፉ በኋላ ብዙ ቀን አላናገርኩትም። ሰላም ሲለኝ ናጋ እላለሁ፣ ከዚያ ሌላ ቃል የለም። ከዚያ አንድ ቀን ነጋሪት ተመታ። ሳይነግረን ተነስቶ ሄደ። ሲመለስ ደጄ ላይ ቆሞ የተባለውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረኝ። እኔም ሰማሁት።”

ጠበቅን። ፀሐይ ዞረች። መንደሩ ሥራውን ፈትቶ መንገዱን ያያል። ቆይቶ አንድ ቀጭን ሰው ከታች ብቅ አለ። እኔ ልነሳ ስል ዳርሜ በእጇ ያዘችኝ፤ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሣችም። አረማመዱን እያጠናች ነበር።

“ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው” አለች በመጨረሻ። እጇን ለቀቀችኝ። “ግብር ነው።”